ሳትወለውሉት አሳዩኝ

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ዘይት የጠገበ የብረት ሳጥን ከፒክአፑ አውርጄ ወደ ጋራዡ ስገፋ በረንዳው ላይ ቆማ አየችኝ። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አደረገችና፣ «ልጄ፣ አሜሪካ ድረስ የመጣኸው ቆራሌው ለመሆን ነው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ለመሆኑ ይህን ጉድ እንድታነሣላቸው ስንት ከፈሉህ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የከፈልኩት። መቶ ሃያ ዶላር።»

በሆዷ ወደ ብር መነዘረችው መሰለኝ፣ እስከ ምሳ ሰዓት አላናገረችኝም።

እናንተ እንኳ አዳምጡኝ። ያ ሳጥን ድሮ በአሜሪካ ነዳጅ ማደያ ውስጥ መኪና ሲጠገን ከመካኒኩ ጀርባ ቆሞ የኖረ ነው። ስድስት መሳቢያ አለው፤ ጥቃቅን መለዋወጫ የሚቀመጥበት ነበር። አሁን እንዲህ ያለ ሰባት አለኝ፤ ሁለት የሥራ ጠረጴዛም ጨምሬአለሁ። መኪናዬ ደጅ ነው የምታድረው። (በነገራችን ላይ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሳጥኖቹም ሌላ አቆጣጠር አያውቁም።)

ነገሩ የጀመረኝ በሌሊት ፈረቃ ነው። ዋሺንግተን ዙሪያ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ፓርኪንግ ወይም ጋዝ ስቴሽን የሠራ ዘመድ የሌለው አበሻ ብርቅ ነው። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ሲጋራና ሎተሪ ስሸጥ ሁለት ዓመት አሳልፌአለሁ። ከወተት ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ሁለት ክብ የሲሚንቶ ልጥፎች ነበሩ፤ ሌሊት መሬቱን ስወለውል ሁልጊዜ ዓይኔ እዚያ ላይ ይቀራል። የቀኑን ፈረቃ የሚሠሩትን ሽማግሌ ብጠይቃቸው፣ «እዚህ ጋ እኮ መኪና ማንሻው ነበር» አሉኝ። የምሸጥበት ሱቅ ለካ ጋራዥ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ቤቱን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ጓዳው ውስጥ የስኳርና የወረቀት ኩባያ ካርቶን የተከመረበት ጠረጴዛ ነበረ። አንድ ሌሊት ካርቶኑን አነሣሁ። ጠርዙ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳዎች፣ በቀዳዳዎቹ ዙሪያም ጠረጴዛው በመዶሻ ተደብድቦ ጎድጉዷል። የሞርሳ ቦታ! ልቤ ደነገጠ ብላችሁ አታምኑኝም። አዲስ አበባ ያደግኩት ከጋራዥ አጥር ሥር ነው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ የሚሉትን ቃላት ከፊደል ቀድሜ ነው የለየሁት። ጣልያን መሣሪያውን ይዞ ሲሄድ ስሙን ጥሎልን ሄዷል። የጋራዡ ባለቤት፣ እኛ ሰፈርተኞቹ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ሞርሳቸው ወፍራም ሳንቃ ላይ ነበር የታሰረው፤ ሳንቃው ላሜራ ለብሷል፤ ላሜራውም በዚያው በሞርሳው ዙሪያ ልክ እንደዚህ ጎድጉዶ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ከስኳር ካርቶን ሥር የጋሼን ጠረጴዛ ያገኘሁ መሰለኝ።

ባለቤቱን ጠየቅሁት። «ውሰደው፤ ለመጣል ገንዘብ ልከፍል ነበር» አለኝ። የመጀመሪያው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥንቱ ልመልሳችሁ። መጀመሪያ ነገር አሜሪካም ውስጥ ነዳጅ ማደያ የሚባል ነገር አልነበረም። ቤንዚን በጣሳና በባልዲ ከሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅና ከመድኃኒት ቤት ነበር የሚገዛው። ሲልቫነስ ባውዘር የተባለው የኢንዲያና ሰው በ1885 ለአንድ ባለ ሱቅ የሸጠው ዝነኛ ፓምፕ እንኳ የተሠራው ለላምባ ነው። ጋልፍ የተባለው ኩባንያ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ለመኪና ብሎ አስቦ የሠራውን ማደያ የከፈተው ዲሴምበር 1 ቀን 1913 ሲሆን፣ የዚያን ቀን የሸጠው 30 ጋሎን ብቻ ነው ይባላል፤ ጋሎኑን በ27 ሳንቲም። ዛሬ አንድ ትልቅ ፒክአፕ ብቻውን ይጨርሰዋል።

ብዙም ሳይቆይ ማደያዎቹ ከቤንዚን ይልቅ ትርፉ ሌላ ቦታ እንዳለ ገባቸው፤ ዘይት፣ ግሪስ፣ ጎማ፣ ባትሪ። የዚያ ዘመን መኪና ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። በየ1,000 ማይሉ አካባቢ ከሥሩ ገብተው በየመገጣጠሚያው ግሪስ ካላጎረሱት ያንቋርራል። አዲስ አበባ ማደያ ደጃፍ ላይ «እጥበትና ግሪስ» የሚል ጽሑፍ አንብባችሁ ከሆነ፣ ያ ጽሑፍ የዚህ ዘመን ትራፊ ነው። እናም ከፓምፑ አጠገብ መኪና የሚገባበት ክፍል ተሠራ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በር። ቴክሳኮ በ1937 ዋልተር ዶርዊን ቲግ የተባለውን ንድፍ አውጪ አሠርቶ ማደያዎቹን በነጭ ኢናሜል አለበሳቸው፤ ሦስት አረንጓዴ መስመር፣ ቀይ ኮከብ። ውጭው እንደ ሆስፒታል ነጭ ሆነ። ውስጡ ግን ያው ጋራዥ ነው፤ እኔ የምወደው ውስጡን ነው።

ሳጥኖቹ ከየት መጡ? ይህ የጨዋታው ማር ነው። አብዛኞቹን ባለ ማደያው አልገዛቸውም፤ ተሰጡት። ስጦታ ስላችሁ ግን የሠርግ ስጦታ አይምሰላችሁ። የካንዴላ ወይም የቺንጋ ፋብሪካው ወኪል ይመጣና፣ «ይህን ያህል ዕቃ ብታዝዝ ማስቀመጫውን በነጻ እጨምርልሃለሁ» ይላል። ሳጥኑ ፊቱ ላይ የፋብሪካው ስም በትልቁ ተጽፎበታል፤ ደንበኛ ሁሉ ያየዋል። መሳቢያው ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ያለው ቦታ ተከፍሎለታል፤ አንዱ ባዶ ሲሆን ዓይን ውስጥ ይገባል። ወኪሉ ዳግም ሲመጣ ባዶውን ቆጥሮ ይሞላል። ሌላ ፋብሪካ ያንን ቦታ ልያዝ ቢል ሳጥኑ ራሱ አላስገባ ይለዋል። እንዲህ ያለ ዘብ ደመወዝ ቢጠይቅ ውድ ነበር።

ስለዚህ የፋርማሲ መደርደሪያ አይታችሁ ያገሩን በሽታ እንደምትገምቱ፣ የማደያ ሳጥን አይታችሁ የመኪናውን በሽታ ትገምታላችሁ። ካንዴላ ቶሎ ይቆሽሻል፤ ስለዚህ የካንዴላ ሳጥን በየቦታው አለ። ከካንዴላ ሳጥኖች ሁለት ስም ይበዛል፤ ቻምፒዮንና ኤሲ። ዕድሜ ልካቸውን የተፎካከሩ ናቸው። ግን የሁለቱም ስም ከአንድ ሰው ነው የመጣው ብላችሁስ? አልበርት ሻምፒዮን ፈረንሳዊ ብስክሌት ጋላቢ ነበር፤ በ1899 የፓሪስ–ሩቤን ውድድር አሸንፏል። አሜሪካ መጥቶ በስሙ የካንዴላ ኩባንያ አቋቋመ፤ ከሸሪኮቹ ጋር ሲለያይ ስሙ እነሱ ዘንድ ቀረ። እሱ ወደ ፍሊንት፣ ሚሺጋን ሄዶ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ሌላ ፋብሪካ ከፈተ፤ የገዛ ስሙን ይዞ መነገድ ስለ ተከለከለ የመጀመሪያ ፊደሎቹን ብቻ ተጠቀመ፤ ኤ እና ሲ። እኔ ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን ነው ያቆምኳቸው፤ ሰውዬው ከስሙ ጋር ይታረቅ ብዬ።

ትሪኮ የሚል ሳጥን ካያችሁ ደግሞ የዝናብ መጥረጊያ ማስቀመጫ ነው። የኩባንያው መሥራች ጆን ኦይሼ ቡፋሎ ከተማ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ እየነዳ፣ መስታወቱ አላሳይ ብሎት አንድ ብስክሌተኛ ገጨ፤ ብስክሌተኛው ተረፈ፣ ኦይሼም በ1917 የመጥረጊያ ንግድ ጀመረ። ሽሬደር የሚለው የጎማ ቫልቭ ሳጥን ነው፤ ሽሬደር በ1890ዎቹ ያወጣውን ዓይነት ቫልቭ ጎሚስታችሁ ዛሬም በየቀኑ ይነካዋል። የፊውዙን፣ የቺንጋውን፣ የአምፖሉን ልለፈው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የማቀጣጠያ ዕቃዎች ሳጥን ነው፤ እናቴ ያየችው ያኛው። የድሮ መኪና ካንዴላው በሰዓቱ እሳት እንዲሰጥ ኤሌክትሪኩን እየነካች እየለቀቀች የምታቋርጥ የጥፍር ያህል ክፍል አለችው። ትቃጠላለች፤ በየጥቂት ሺህ ማይሉ ትለወጣለች። እሷ ነበረች የማደያ መካኒክ እንጀራ። ክራይስለር በ1973፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1975 መኪናዎቻቸውን በሙሉ በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ አደረጉ። ስድስቱ መሳቢያዎች በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ። የኔው ሳጥን ሦስተኛ መሳቢያ ውስጥ ሁለቱ ከነካርቶናቸው አሉ፤ ካርቶኑ ላይ ባርኮድ የለም። ባርኮድ ሱቅ ውስጥ የተጀመረው በ1974 ስለሆነ ሰውዬው ከዚያ በፊት አዝዟቸው ሳይሸጣቸው ቀርቷል ብዬ እገምታለሁ።

አያችሁ፣ መለየት የሚባለው ጥበብ እንዲህ ነው፤ ግን እኔም በዋዛ አልተማርኩትም። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ባለ ቀይ ኮከብ አረንጓዴ ቁም ሳጥን አየሁ። ሻጩ፣ «ከ1920ዎቹ ነው፣ ከነቀለሙ» አለኝ። አለቀስኩ ለማለት ምንም አልቀረኝም። የጠየቀኝን ሰጥቼ ስጎትት አጠገቡ የሚሸጡ አዛውንት ጠሩኝ።

«ስማ ወዳጄ፣ ብሎኖቹን አይተሃቸዋል?»

አላየሁም ነበር። የመሳቢያዎቹ እጀታ የታሰረው ራሳቸው ላይ መስቀል ባላቸው ብሎኖች ነው። ያ ዓይነቱ ብሎን፣ ፊሊፕስ የሚባለው፣ ገበያ የወጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የ1920ዎቹ ሳጥን ከየት ያመጣዋል?

«እጀታው ተቀይሮ ቢሆንስ?» አልኩ፣ ለገንዘቤ ጠበቃ ሆኜ።

«ይሁን። ኮከቡንስ በጣትህ ዳስሰው።»

ዳሰስኩት። ከቀለሙ ሥር ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ዝገቱ ኮከቡን አልበላውም፤ ኮከቡ ነው ዝገቱ ላይ የተቀባው። ከአንድ ወር በፊት የተቀባ አሮጌ ዕቃ! ዞር ስል ሻጩ ሌላ ደንበኛ ያዋራል። ያንን ሳጥን አሁን የአትክልት መሣሪያ አስቀምጥበታለሁ፤ ኮከቡን ባየሁ ቁጥር አዛውንቱን አመሰግናለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቱን አላይም፤ ጀርባውን ነው የማየው። ፊት ይቀባል፣ ጀርባን ግን ማን ይደክምበታል? ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ስልሳ ዓመት የኖረ ብረት የጀርባው ቀለም የተፈጥሮው ነው። ከዚያ መሳቢያ አውጥቼ ገልብጬ ሆዱን አያለሁ፤ ቀጥሎ ስሙ የተለጠፈበትን ፍለጋ። የፋብሪካውን አድራሻ ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል። ከከተማው ስም ቀጥሎ አምስት አኃዝ ካለ ከ1963 ወዲህ ነው፤ ዚፕ ኮድ የተጀመረው በዚያ ዓመት ጁላይ ነውና። አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ብቻ ካለ በ1943 እና በ1963 መካከል ነው፤ ያኔ ትልልቅ ከተሞች በፖስታ ቀጠና ይከፈሉ ነበር። ምንም ቁጥር ከሌለ ሊያረጅ ይችላል፣ ግን አትቸኩሉ፤ ትንሽ ከተማ ቀጠና አልነበራትም። ከስሙ ጎን በክብ ውስጥ ያለችዋ የአር ፊደል ደግሞ በ1946 በወጣው የንግድ ምልክት ሕግ የመጣች ናት፤ ከዚያ በፊት በረጅሙ ነበር የሚጽፉት።

የፓተንት ቁጥርም ያወራል። አንድ ሚሊዮንኛው በ1911፣ ሁለት ሚሊዮንኛው በ1935፣ ሦስት ሚሊዮንኛው በ1961 ነው የተሰጠው። እነዚህን ሦስቱን በቃላችሁ ያዙ፤ ገበያ መሐል ስልክ ሳታወጡ ትገምታላችሁ። በ2 ሚሊዮን የሚጀምር ቁጥር ያለበትን ዕቃ ማንም ከ1935 በፊት ነው ሊላችሁ አይችልም። ከዚያ በኋላ መሆኑን እንጂ መቼ እንደተሠራ ግን አይነግራችሁም፤ ፋብሪካ አንድ ፓተንት ይዞ ሃያ ዓመት ሊያመርት ይችላል።

የነዳጅ ኩባንያዎቹ ስም ደግሞ ራሱ ዘመን ነው። ስታንዳርድ ኦይል በ1911 በፍርድ ቤት ለ34 ከተበተነ በኋላ ስሞቹ እንደ ዘር ሐረግ ናቸው። ኤሶ የሚል የአሜሪካ ሳጥን ከ1972 በፊት ነው፤ ያን ዓመት ስሙ ኤክሰን ሆነ። የሲንክለር ዳይኖሰር ከ1930 ወዲህ ነው። የሞቢልን ባለ ክንፍ ቀይ ፈረስ ሁሉም ይፈልገዋል፤ ስለዚህም ከሁሉ በላይ የሚሠራው አስመስሎ ነው። ፈረሱ እውነተኛ ይሁን አይሁን ለመለየት ከመድከሜ በፊት እኔ ፈረስ የሌለበትን እገዛለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ሐሜት አለኝ። ዛሬ ገበያ ላይ ዘይት የነካው ብረት ሁሉ «የነዳጅ ማደያ» ተብሎ ነው የሚሸጠው። ውሸት ነው። ላየንና ኢኩዊፕቶ የተባሉት ኩባንያዎች፣ ሁለቱም ኦሮራ፣ ኢሊኖይ የነበሩ፣ ያንኑ የላሜራ መደርደሪያና ጠረጴዛ ለፋብሪካም ለትምህርት ቤትም ለመጋዘንም ይሸጡ ነበር። ግራጫ ጠረጴዛ ከጋራዥ ይምጣ ከትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍል በምን ይታወቃል? በቁስሉ ነው። የባትሪ አሲድ የጣለው ነጭ ጠባሳ፣ ግሪስ በመሳቢያው ሐዲድ ውስጥ እንደ ሰም ደርቆ መቅረቱ፣ በጎኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈ የጎማ መጠን። እነዚህ ከሌሉ «የማደያ» የሚለው ቃል ዋጋ መጨመሪያ ብቻ ነው።

ሌላው የሚምታታው የመካኒኩ የራሱ ሳጥን ነው። በአሜሪካ ጋራዥ መካኒክ መሣሪያውን ራሱ ይገዛል። ሚልዋኪ ውስጥ በ1920 የተቋቋመው ስናፕ-ኦን የተነሣው በዚህ ነው፤ አምስት እጀታ፣ አሥር ራስ፣ እንደ ፍላጎታችሁ የምትገጣጥሙት። ኦሃዮ ውስጥ የሚሠራው ኬኔዲ፣ ቡናማና ሽብሽብ ቀለም ያለው፣ እሱም የባለሙያው የግል ንብረት ነው። መካኒኩ ሥራ ሲለቅ ይህን እየገፋ ይወጣል፤ ልጁም ይወርሰዋል። ጠረጴዛውና የመለዋወጫው ሳጥን ግን የቤቱ ናቸው። ሰው ሲሄድ እነሱ ይቀራሉ፤ ባለቤት ሲለወጥ፣ ኩባንያ ሲለወጥ፣ ጋራዡ ሱቅ ሲሆንም ይቀራሉ። ለዚህ ነው እኔ ጓዳ ውስጥ ከስኳር በታች ያገኘሁት።

እናም ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ጠረጴዛውን ነው፤ ሰብሳቢዎች ግን ይንቁታል፤ ስም የለው፣ ኮከብ የለው፣ ፈረስ የለው። የኔን የመጀመሪያውን ጠረጴዛ እግሩ ሥር፣ የማይታይ ቦታ ላይ፣ የጥፍር ያህል በምላጭ ፋቅሁት። ከላይ ግራጫ ነው። ከግራጫው ሥር አረንጓዴ። ከአረንጓዴው ሥር ብርቱካናማ። ብርቱካናማው የጋልፍ ሊሆን ይችላል ብዬ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ማረጋገጫ ግን የለኝም። የሞርሳው ቀዳዳዎች በቀኝ ጫፍ ሲሆኑ በግራ ጫፍም የተደፈኑ አራት ሌሎች አሉ። አንዱ መካኒክ ግራኝ ነበር ማለት ነው? ወይስ መብራቱ በዚያ በኩል ነበር? ይህን ሳስብ ቡናዬ ይበርዳል።

እነዚህ የማደያ ጋራዦች የሞቱበትን ምክንያት ሁላችሁም የምታውቁት ነው። በ1973 የነዳጅ ማዕቀብ መጣ፤ ሰው ለቤንዚን ተሰለፈ። ራሱ ሰው ወርዶ ይቅዳ ተባለ። መኪናውም እየተሻሻለ ግሪሱንና ካንዴላውን ቶሎ ቶሎ መፈለግ አቆመ። ከመኪና ማንሻ ይልቅ ቡናና ቺፕስ አተረፈ። ኒው ጀርሲ ብቻ በ1949 ሕጓ ችክ ብላ እስካሁን ሰው በራሱ እንዳይቀዳ ትከለክላለች፤ ኦሬጎን እንኳ በ2023 ተሸንፋለች። ኒው ጀርሲ ሄጄ ወጣቱ መጥቶ ሲቀዳልኝ መስታወቴን ዝቅ አድርጌ እንደ ባላባት እቀመጣለሁ።

ስለ ማጽዳት ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በመጀመሪያ ሳትነኩት ፎቶ አንሡት፤ በተለይ ጀርባውንና የመሳቢያውን ውስጥ። አቧራውን በአየር አትንፉት፣ ደረቁንም አትጥረጉት። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ያ ዱቄት በየስንጥቁ ተቀምጧል። እርጥብ ጨርቅ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ የአፍ መሸፈኛ። ቀለሙን በሸካራ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ከ1978 በፊት የተቀባ ከሆነ እርሳስ የተባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል። በቤንዚንና በቀለም ማቅጠኛ ደግሞ የተለጠፈውን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ነው የምታጠፉት፤ ስልሳ ዓመት የኖረ ስም በአንድ ደቂቃ ይቀልጣል። አንድ ወዳጄ ሳጥኑን አሸዋ አስነፍቶ፣ አንጸባራቂ ቀይ አስቀብቶ አምጥቶ አሳየኝ። «እንዴት ነው?» አለኝ። «እንኳን ደስ ያለህ፤ አዲስ ሳጥን ገዛህ» አልኩት። እስካሁን አኩርፎኛል፤ አልጸጸትም።

የጠረጴዛውን የእንጨት ገጽ ቆርጠው የወጥ ቤት መክተፊያ የሚያደርጉትን ግን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ያምራል፤ ወፍራም የሜፕል እንጨት ነው። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ከ1923 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ቤንዚን ላይ እርሳስ ይጨመር ነበር። ያ እንጨት ያንን ቤንዚን፣ የባትሪ አሲድና የተቃጠለ ዘይት ሲጠጣ ነው የኖረው። በላዩ ላይ ሽንኩርት አትክተፉ። እናቴ ራሷ ከጊዜ በኋላ ለስድስቱ መሳቢያዎች ልቧ ሲራራ፣ «ይህቺ ለኮረሪማ፣ ይህቺ ለጥቁር አዝሙድ፣ ይህቺ ለበሶብላ» እያለች ማካፈል ጀምራ ነበር። ሳጥኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የወደደችበት ቀን ነው፤ እኔም አይሆንም አልኳት። ደግማ አኮረፈች።

ገበያው የት ነው ለምትሉኝ፣ ከዋሺንግተን ሁለት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ካርላይል፣ ፔንሲልቬኒያ ድረሱ፤ ከ1974 ጀምሮ የድሮ መኪናና የመለዋወጫ ገበያ ይቆምበታል። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ሄርሺ፣ ያው ቸኮላት የሚሠራበት ከተማ፣ የድሮ መኪና ማኅበር ጉባኤ አለ፤ ሜዳው በእግር አያልቅም። እዚያ አሜሪካዊው ዋጋ አይከራከርም የሚሉትን እርሱት፤ መርካቶ ነው። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ብረት ከባድ ነው፤ ሻጩ ዳግመኛ መኪና ላይ ከሚጭነው ይቀንስላችኋል። እኔ ያቺን መቶ ሃያዋን የከፈልኩት ሁለት መቶ ሃምሳ ካሉኝ ሰውዬ ጋር ቡና ጠጥቼ፣ ስለ ወገባቸው ሕመም ጠይቄ ነው።

አገር ቤት ብሆን ይህን ሁሉ አልሰበስብም ነበር። ምናለሽ ተራ ቢገባ ያ ሳጥን ሳይመሽ ምድጃ ሆኖ፣ ጎኑ መጥበሻ ሆኖ ይወጣል፤ እዚያ ብረት አያረጅም። እናቴም የምትለው ይህንኑ ነው። «እነሱ እንጀራ ይጋግሩበታል፣ አንተ ታየዋለህ» ብላኝ ነው የሄደችው። አልተከራከርኳትም።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ከእናንተ መካከል ጋዝ ስቴሽን ያላችሁ፣ ወይም የምትሠሩ፣ ወይም የአጎታችሁ ልጅ የሚሠራበት አለ። ቤቱ አሮጌ ከሆነና ሱቁ ድሮ መኪና የሚገባበት ከነበረ፣ ጓዳው ውስጥ ካርቶኖቹን አንሥታችሁ ከሥር ያለውን አንድ ጊዜ እዩልኝ። አራት ቀዳዳ ካያችሁ፣ ወይም ጠባብ ጠባብ መሳቢያ ያለው ብረት ካገኛችሁ፣ ባለቤቱ አፍራሽ ከመጥራቱ በፊት ንገሩኝ። ደግነት አድርጋችሁ እንዳትወለውሉት። ፒክአፕ አለኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ነጻ ነኝ።